ስም የሌላቸው ስድስት ቴስታታዎች

በደብረ ታቦር የሐኪም ዘውዱን ሰማያዊ ቮልስዋገን የማያውቅ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ከግቢያቸው ንቅንቅ አላለችም። ጎማዎቿ ወልቀው አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሞተሯ ተፈታቶ በጆንያ ተጠቅልሎ ጓዳ ገብቷል፤ የኋላ ወንበሯንም ዶሮዎች ለእንቁላል መጣያ ይዘውታል። ዘውዱ በሥራ ማዕረጋቸው ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ናቸው፤ አገሬው ግን ከጉና ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ «ሐኪም» እያለ ነው የሚጠራቸው። ያቺ ትንሽ መኪና ውኃ ሳትጠጣ፣ በነፋስ ብቻ እየቀዘቀዘች፣ ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት፣ ስንቱን እግሩ የተሰበረ ገበሬ ሆስፒታል አድርሳለች።

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.፣ ጥር በገባ በሳምንቱ፣ ሐኪም ዘውዱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ትርንጎ ቢሮ በር ላይ ቆሙ።

ትርንጎ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በአውራጃው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። አባቷ የብራና ጸሐፊ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሳቸው የወረሰችው ቀጭን የእጅ ጽሑፏንና ነገርን ሳታጣራ አለማለፍን ነው። ሐኪሙን ስታይ ብድግ አለች።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ! ምነው ከደጅ ቆሙ?»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። እምቢ ብትይኝም አልቀየምሽም» አሉና ተቀመጡ። «ማርታ ጥር ሃያ አራት ትዳራለች። ሙሽራው የሐሙሲት ልጅ ነው። ስትወለድ ከሆስፒታል ያመጣኋት በዚያች መኪና ነው፤ ከቤቴ ስትወጣም በዚያችው ትውጣልኝ ብዬ ነበር። እንግዲህ የመኪናዋ ሆድ ሁሉ ደኅና ነው፤ የተሰነጠቀው አንዱ ቴስታታ፣ ከሲሊንደሩ ላይ የሚከደነው ብቻ ነው። ባሕር ዳር ጠየቅሁ፣ የለም። ጎንደር ጠየቅሁ፣ የለም። እናንተ ግምጃ ቤት የፈረንጆቹ ዕቃ አለ ሲሉ ሰማሁ።»

ወሬው እውነት ነበር። ከአብዮቱ በፊት በአውራጃው የመንገድ ጥናት ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ሲሄዱ ዕቃቸውን ጥለው ነው የሄዱት። ከሱ መካከል አንድ የጣውላ ሣጥን አለ፤ በውስጡ በአሉሚኒየም የተሠሩ፣ ጎናቸው እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ፣ ከታች ሁለት ሁለት ጎድጓዳ ያላቸው ስድስት ቁርጥራጮች ተቀምጠዋል። ቴስታታ እንደሆኑ ትርንጎ ታውቃለች። የማን ቴስታታ፣ የየትኛው ሞተር እንደሆኑ ግን ከሷ በፊት የነበረውም፣ ከሱ በፊት የነበረውም አያውቅም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ልዩ ልዩ፣ የማይታወቅ» የሚል ብቻ ነው።

ትርንጎ እምቢ የምትልበት አንጀት አልነበራትም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ተስቦ ይዟት በጋይንት መንገድ ዳር ካለችው የአባቷ ደብር ያወጣቻት ያቺው መኪና ናት። ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ከጀርባዋ በኩል የሚመጣውን የሞተር ድምፅና ሐኪም ዘውዱ እየነዱ «አይዞሽ፣ ደረስን» የሚሏትን ነው። መድረስ ግን ሁለት ሰዓት ፈጅቶባቸው ነበር።

ሐኪሙን ይዛ ወደ አለቃዋ ወደ ጓድ አድማሱ ገባች። ጓድ አድማሱ ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ክፉ ግን አይደሉም። ነገሩን ሰምተው እርሳሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አንከባለሉ።

«ሐኪም ዘውዱ ሕዝብ ያገለግላሉ፤ በምትኩ አሮጌውን ካስረከቡ ለመፍቀድ ሥልጣን አለኝ» አሉ። «ግን የማይታወቅ ዕቃ ላይ ልፈርም አልችልም። የወጪ ሰነዱ ላይ የዕቃው ዓይነት ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? እንዲያውም የማይታወቅ የተባለው ሁሉ ለማቅለጫ እንዲላክ ታዟል፤ የጭነት መኪናው ጥር ሃያ ይመጣል። እስከዚያ የእያንዳንዱን ማንነት ካመጣሽልኝ እፈርማለሁ። ካላመጣሽ ይሄዳል።»

«ስድስቱንም ነው የሚሉኝ?»

«ስድስቱንም።»

መጀመሪያ ነገሩን የያዘው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሙላቴ ነው። ሙላቴ ቀልጣፋ፣ ደስ የሚል፣ የማያውቀውን ነገር አላውቅም ማለት የሚከብደው ሰው ነበር። ሣጥኑን ከፍቶ በጣም የሚያብረቀርቀውን አነሣ።

«ምን ያንገላታችኋል? ቴስታታ ቴስታታ ነው!» አለና ተሸክሞት ወደ ሐኪሙ ግቢ ሄደ። ትርንጎም የብድር ወረቀት አስፈርማው ተከተለችው።

ጓዳ ያለው ሞተር ወጥቶ ከዛፉ ሥር ተዘረጋ። ሙላቴ ቴስታታውን ከቦታው አጠጋው፤ አልገጠመም። ከካርቡራቶሩ የሚመጣው የአየር ቧንቧ ጫፉ አንድ ነው፤ ያመጣው ቴስታታ ግን አየር የሚገባበት ሁለት ቀዳዳ አለው። አዟዟረው፣ ገለበጠው።

«ይሄ የቀኙ ነው» አለ በመጨረሻ። «የግራው ነው የሚያስፈልገን። ወይ ደግሞ አንዱን ቀዳዳ በቆርቆሮ እንድፈነው።»

«አንተን ነው የምደፍንህ!» አሉ ሐኪም ዘውዱ፤ ሙላቴም ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

ሲመለሱ ግን በመንገድ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትርንጎ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ ላንድሮቨር እንጂ ይሄን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ግን ሰምቻለሁ። ጣራ ገዳም አባ ገብረኪዳን የሚባሉ መነኩሴ አሉ። በዓለም ሳሉ አሥመራ፣ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ነው የኖሩት ይላሉ የአዲስ ዘመን ሾፌሮች። መኪና ግን አይነኩም። ዕቃውን ይዘሽላቸው ብትሄጂ ግን ሳያዩልሽ አይቀሩም።»

ስድስት ቴስታታ ተሸክማ የጣራ ገዳምን አቀበት ልትወጣ አይታሰብም። ከመንግሥት ግምጃ ቤት አውጥታ ይዛ መጓዝም አትችልም። ትርንጎ አንድ ቀን አሰበችበት። በማግስቱ ቴስታታዎቹን በአመድና በጨርቅ ፈግፍጋ አጸዳቻቸው፤ በየአንዳንዱ ላይ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ለጠፈች። ከዚያ ጀርባው ያልተጻፈበት አሮጌ ወረቀት አመጣችና በቴስታታው ፊት ላይ ዘርግታ፣ ለስላሳ እርሳስ አጋድማ ታሸው ጀመር። ጠርዙ፣ ጎድጓዳው፣ የቫልቮቹ ክብ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ፣ በብረቱ ላይ ጎልተው የወጡት ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። አባቷ ብራና ሲያሰምሩ አጠገባቸው ተቀምጣ የዋለችባቸው ቀናት በእጇ ላይ ነበሩ። በፊት፣ በጀርባ፣ በጎን እያለች ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ወረቀት አወጣች። የጎድጓዳውንም ስፋት በክር ለክታ ቋጠሮ አደረገችበት።

ጓድ አድማሱ ወረቀቶቹን አይተው «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«የስድስቱ ፎቶግራፍ ነው ጓድ። እስከ ሰኞ ረፋድ ፈቃድ ይስጡኝ።»

የይለፍ ወረቀቱን ፈረሙላት።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ወረታ ወረደች፤ ከወረታ በጭነት መኪና አዲስ ዘመን ገባች፤ አክስቷ ቤት አድራ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሳ አቀበቱን ተያያዘችው። ወይራውና ጽዱ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከላይ ስትደርስ እንግዳ ከሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ ላይ አረፈችና ለአባ ገብረኪዳን መልእክት ላከች።

አባ ብዙ ሳይቆዩ መጡ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጢማቸው ነጭ ነው። ጭቃ ሲያቦኩ ኖሮ እጃቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ምን ገጠመሽ? የታመመ አለ?»

ትርንጎ አፍራ «ቮልስዋገን ናት አባ» አለች።

መነኩሴው ፊታቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። የተቆጡ መስሏት ልትነሣ ስትል ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እየሳቁ ነበር።

«ስምንት ዓመት!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር የበሽታ፣ የትዳር፣ የሙግት ጥያቄ ነው የሚመጣልኝ። በይ እስኪ አምጪያት።»

ነገሩን ሁሉ እየነገረቻቸው ወረቀቶቹን በመደቡ ላይ ደረደረቻቸው፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው አባ በየማዕዘኑ ጠጠር አስቀመጡ። ከአንዱ ወደ አንዱ እያዘነበሉ መረመሯቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ማን ነው የሣላቸው?»

«እኔ ነኝ አባ። በእርሳስ አሽቼ ነው።»

«እጅሽ ይባረክ። አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ የምትጠይቂው አየር በስንት አፍ ይገባል ብለሽ ነው። ይኼውልሽ፣ ሁለተኛውና አምስተኛው ሁለት ሁለት አፍ አላቸው፤ እነሱ የኋለኛው ዘመን፣ የትልቁ ሞተር ናቸው። የሐኪሙ ቧንቧ አንድ አፍ ነው ብለሻል?»

«አዎ፣ አንድ ነው። ሙላቴ ሁለተኛውን ሞክሮ አልሆነም። የቀኝ ነው አለ።»

«ቀኝና ግራ!» አባ እንደገና ሳቁ። «የዚች መኪና ቴስታታ ቀኝ ግራ የለውም ልጄ። አንዱን ከወዲህ አንሥተሽ ከወዲያ ብታስገቢው ይገባል። እንግዲህ አራት ቀሩሽ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲሊንደሩ ገብቶ የሚቀመጥበት ክብ ምን ያህል ይሰፋል የሚል ነው።»

ትርንጎ በኩራት ክሮቿን አወጣች። አባ አንዱን ክር ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና በርኅራኄ መለሱላት።

«ክር ይለጠጣል። የልዩነቱ ነገር የስንዴ ቅንጣት ታህል ናት። የሐኪሙ ሞተር ተፈትቷል አላልሽም?»

«ተፈትቷል።»

«ሲሊንደሩስ ጓዳ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን መለኪያ ትፈልጊያለሽ? ሲሊንደሩን ራሱን አምጥተሽ አስቀምጪው እንጂ! ከገባ በኋላ የሚወዛወዝ ከሆነ ክቡ ሰፊ ነው፣ የመካከለኛው ሞተር ነው፤ እምቢ ካለ ጠባብ ነው፣ የትንሹ ሞተር ነው፤ ልክክ ብሎ ከተቀመጠ እሱ ነው።»

ትርንጎ ግንባሯን መታች። ሁለቱም አብረው ሳቁ።

«እነዚህ ቁጥሮችስ አባ? በቁጥሩ አይታወቅም?»

«ቁጥሩ ፋብሪካው ያለውን ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ ሰው የሠራውን አይነግርሽም። እኛ ራሳችን ጠባቡን ክብ በማሽን አስፍተን ለትልቅ ሲሊንደር እናደርገው ነበር፤ ቁጥሩ ግን የድሮውን እየተናገረ ይኖራል። ቁጥሩን አንብቢ፣ ግን ጠርዙን እመኚ። ሦስተኛ፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ የሚገባበት ጥርስ ጥልቀቱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን እዪ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስንጥቅ ፈልጊ። በቫልቩና በካንዴላው መካከል ነው የሚሰነጠቀው፤ በዓይን አይታይም። ላምባ ቀቢው፣ ጥቂት ቆይተሽ በደንብ ጥረጊው፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነስንሺበት። ስንጥቅ ካለው የጠጣውን ላምባ መልሶ ይተፋና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል።»

ብሎኖቹ እንዴት እንደሚጠብቁ ደግሞ በጠጠር አሳዩዋት፤ ስምንት ጠጠር ደርድረው ከመሐል ጀምሮ ወዲያና ወዲህ እያሻገሩ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት። ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ስትነሣ ከዓለም ወጥተው ሲመነኩሱ በጣም የከበዳቸው ምን እንደነበር ጠየቀቻቸው። እናቴን መተው ይላሉ ብላ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት ሞተር ተነሥቶ የሚያሰማው ድምፅ» አሉ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደብረ ታቦር ስትደርስ ከመሥሪያ ቤቷ በር ላይ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል። የአሮጌ ብረት ክምር ላዩ ላይ ነው። ሁለት ቀን ቀድሞ መጥቷል። የጣውላ ሣጥኗ ከጎማ ቸርኬዎች መካከል ተወሽቃ አየቻት።

ትርንጎ አልጠየቀችም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የመኪናውን ጎን ረግጣ ወጣችና ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴት!» አለ ሾፌሩ ከታች። «ጋይንት ገና ሌላ ጭነት አለብኝ፣ ውረጂ!»

ጩኸቱን ሰምተው ጓድ አድማሱ ወጡ። የገበያ መንገደኛም ቆም ቆም ማለት ጀመረ።

«ጓድ፣ ጥር ሃያ ነበር ያሉኝ!»

«እኔም የተነገረኝ እሱ ነበር። መኪናው ከመጣ ምን ላድርግ?» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። «ስድስቱን አውቀሻቸዋል?»

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ።»

«ግማሽ ሰዓት።»

ከተሰበሰበው ሰው መካከል የሙላቴን ድምፅ ሰማች፤ «ምን ላምጣ?» ይላል። ሲሊንደሩን አለችው፤ የተሰነጠቀውን አሮጌ ቴስታታም፣ አንድ ካንዴላም፤ ከሐኪሙ ግቢ። ደግሞ ላምባ፤ ደግሞ ከመሠረተ ትምህርቱ ክፍል ጠመኔ። ሙላቴ ሮጠ። ሲመለስ ሐኪም ዘውዱም ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ከኋላው ይራመዱ ነበር።

ስድስቱ ቴስታታዎች በግቢው ድንጋይ ላይ ተደረደሩ። ትርንጎ ተንበረከከች።

«ሁለተኛና አምስተኛ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «አየር በሁለት አፍ የሚያስገቡ፣ የኋለኛው ዘመን ትልቁ ሞተር።» ሁለቱን ለብቻ አደረገቻቸው። ጓድ አድማሱ ብዕራቸውን አወጡ።

ሲሊንደሩን አንሥታ አንደኛው ላይ አስቀመጠች። ገባ፤ ግን ወዲያና ወዲህ አለ። «አንድ አፍ፣ ሰፊ ክብ። የመካከለኛው ሞተር።» ሦስተኛው ላይ አስቀመጠች። እምቢ አለ። ሙላቴ ሊገፋው እጁን ሲዘረጋ እጁን መታችው። «አንድ አፍ፣ ጠባብ ክብ። የትንሹ ሞተር።» አራተኛው ላይ ስታስቀምጠው ሲሊንደሩ ቀስ ብሎ ወረደና ጭጭ አለ። አነቃነቀችው፤ አልተነቃነቀም።

ከአጥሩ ጥግ የቆመች የቅቤ ነጋዴ «ይኸው ገባላት!» አለች፤ ሰዉም ሳቀ።

ስድስተኛው ላይም እንዲሁ ልክክ አለ። ካንዴላውን በሁለቱም ላይ አሽከረከረችው፤ ከአሮጌው ጋር ጥልቀቱ አንድ ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር መቸኮሉን ረስቶ አጠገቧ ቁጢጥ ብሏል።

«ሁለቱም የሐኪሙ ናቸው ማለት ነው?» አለ።

«ቆይ» አለች። ሁለቱን ላምባ ቀባቻቸው። ስትጠብቅ የሐኪም ዘውዱ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። ጠርጋ አደረቀቻቸውና ጠመኔውን በድንጋይ ፈጭታ ነሰነሰችባቸው። አራተኛው ላይ ከቫልቩ ክብ ወደ ካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ጥቁር መስመር ቀስ እያለች ወጣች። እንደ ጸጉር የቀጠነች ናት፤ ግን ሁሉም አያት። ሐኪም ዘውዱ አንገታቸውን ደፉ።

ስድስተኛው ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው፤ አሁንም ነጭ ነው።

«ጋሼ» አለች። «ይኼ ነው።»

ሐኪም ዘውዱ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በከተማው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ጓድ አድማሱ እዚያው በሙላቴ ጀርባ ላይ ወረቀት ዘርግተው ፈረሙ። «የማይታወቅ» የሚለውን ሰርዘው የአምስቱን ስም በየተራ ጻፉ፤ የተሰነጠቀው አራተኛውና የሐኪሙ አሮጌ ብቻ ወደ ማቅለጫ ሄዱ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሙላቴ ከሥራ ሰዓት በኋላ እዚያ ግቢ ነበር። ብሎን ሲያጠብቅ ትርንጎ ከአጠገቡ ቆማ «አሁን ይኼኛው፣ አሁን ከወዲያ ማዶ ያለው፣ በቃ፣ አታብዛ» ትለዋለች፤ እሱም ቃል ሳይመልስ ይታዘዛል። ማርታ ዶሮዎቹን አስወጥታ የኋላ ወንበሩን አጠበች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ቦታው ገባ። ባትሪው ግን ሞቶ ነበር። መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ አዞሯትና ሰፈሩ ሁሉ ከኋላ ተሰለፈ። የቀበሌው ሊቀመንበር በአንድ በኩል፣ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናት በሌላ በኩል፣ የጠላ ቤቷ ፈንታነሽ በመሐል። ሐኪም ዘውዱ መሪውን ያዙ። ትርንጎ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ግፉ!»

መኪናዋ ተንደረደረች። ሐኪሙ ማርሽ አስገቡ፤ ነጠር፣ ነጠር አለች፤ አልተነሣችም። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ነው። ሐኪሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ እንጂ!»

እንደገና ማርሽ አስገቡ። ከኋላ አንድ ትልቅ ሳል ተሰማ፤ ጥቁር ጭስና የዶሮ ላባ ቦነነ፤ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ጠረጠር የሚለው፣ እኩል የሚመታው። ትርንጎ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ጉንጮቿ እስኪያማት ሳቀች። ገፊዎቹ ከኋላ እየጮኹ ሲሮጡ በመስተዋቱ ውስጥ ይታያሉ። ሐኪም ዘውዱ በገበያው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞሩ። ለአራተኛው ሲያዞሩ የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ሐኪም፣ የፈቀድንልዎ ቤንዚን ለሠርጉ ነው!»

ጥር ሃያ አራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ማርታ ከነቬሏ በኋላ ወንበር ሚዜዎቿን ግራና ቀኝ አድርጋ ተቀመጠች፤ ትርንጎን ከፊት እንድትቀመጥ ያስገደዷት ሐኪሙ ናቸው። ከደብረ ታቦር ወጥተው በአለም ሳጋ ጫካ በኩል ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ቀርቶ የፎገራ ሙቀት ተቀበላቸው። በየአውድማው እህል የሚወቁ ገበሬዎች ሰማያዊዋን ሲያዩ መንሻቸውን ወደ ላይ አነሡ። «የሐኪም መኪና ተነሣች!» የሚል ጩኸት ከማሳ ማሳ ይቀባበል ነበር። አንድ ሽማግሌ መንገዱ መሐል ቆመው አስቁመው መኪናዋን በእጃቸው ዳሰሷትና መረቋት፤ ሙሽራዪቱን ግን አላዩዋትም።

ሐሙሲት ሲደርሱ የሙሽራው ወገኖች በሆታ ተቀበሏቸው። ዳሱ ውስጥ ጭፈራው ደምቆ፣ ሙላቴ እስክስታውን እያወረደው ሳለ፣ አንድ ወፍራም ሰው ትርንጎን ፈልጎ መጣ። ልብሱ ላይ የዱቄት ብናኝ አለ።

«አንቺ ነሽ ብረት የምታውቂው?» አለ። «ሙሉ እባላለሁ፤ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሞተሩ ቆሞ ሁለት ሳምንቱ። ከዚህ ጀምሮ እስከ ዓባይ ማዶ ያለ ሰው በእጅ እየፈጨ ነው። አንድ ሣጥን መለዋወጫ አለኝ፣ የቱ የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ።»

«እኔ የወፍጮ ሞተር አላውቅም» አለች ትርንጎ።

«ቴስታታም አታውቂም ነበር» አሉ ሐኪም ዘውዱ ከኋላዋ፤ ጠጅ ይዘዋል፤ ፊታቸው ያበራል። «ሂጂ ልጄ። ሠርጉ አይሸሽም።»

ትርንጎ ነጠላዋን ለማርታ ሰጠቻት፤ የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች። ሙላቴ ጭፈራውን ትቶ ተከተላት፤ ጫማዋ አዲስ ስለነበር አውልቃ ለሱ አስያዘችው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሣጥኑ ተከፈተ። በዘይት የተለወሱ ሃያ ያህል ቁርጥራጮች ነበሩ።

«ሁሉንም አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ደርድሩልኝ» አለች። «ከዚያ አሮጌውን አምጡ፤ የተሰበረውን።»

ባለወፍጮው ደረደረ፤ የተሰበረውንም አጠገባቸው አስቀመጠ። ትርንጎ ተንበርክካ ማየት ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታም አንዱን አነሣችና ከተሰበረው ጋር ገጥማ አየችው፤ አንድ ነው።